ፋይበሩ ግድግዳችን ድረስ መጣ፤ የቀረው እኛው ጋ ነበር

ሥራዬ ድምፅና ቪዲዮ ማረም ነው፤ የምኖረው ደግሞ ገጠር። ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚሉኝ ሰዎች ለብዙ ዓመት ልክ ነበሩ። ማታ ያለቀለትን ፋይል መላክ ጀምሬ እተኛለሁ፤ ሌሊት ሁለት ሦስቴ ተነስቼ አየዋለሁ፤ ጠዋት ስነሳ 61 በመቶ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። መስመሩ በመሀል ለአንዲት ደቂቃ ተቋርጦ ከሆነማ እንደገና ከዜሮ ነው። የስልኩ መዳብ ሽቦ ከእኛ ቤት ወደ ውጭ የሚልከው በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ቢት ነበር። በዚያ ፍጥነት 2 ጊጋ ባይት ለመላክ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ያውም ቤት ውስጥ ማንም ስልኩን ካልነካ። ዛሬ ያው ፋይል ስድስት ደቂቃ አይሞላበትም።

ይህ ማንንም አያስገርምም። እኔን ያስገረመኝ ፋይበሩ፣ ማለትም ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣው ቀጭን የመስታወት ክር፣ ቤቴ ከገባ በኋላ ሁለት ወር ከምናምን በቀርፋፋ ኢንተርኔት መቀመጤ፣ ሰው ስወቅስ ከርሜም ጥፋቱ ከግድግዳዬ ወዲህ ሆኖ መገኘቱ ነው። መንደራችሁ ተራው ሊደርሰው ከሆነ ያን ያህል አትድከሙ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ መዳቡ ትንሽ ልበል። ከተማ ያሉ ዘመዶቼ በዚያው ዓይነት ሞደም 20 ሜጋ ቢት ሲያገኙ እኔ 2 ላይ ነበርኩ። ሞደም ቀየርኩ፣ የቤቱን ሽቦ ቀየርኩ፣ ምንም የለም። በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የተባለው ኢንተርኔት እስከ 24 ሜጋ ቢት ይደርሳል የሚባለው ለማዞሪያ ጣቢያው ጎረቤት ለሆነ ቤት ነው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ምልክቱ እየደከመ ይሄዳል፤ የእኛ ቤት ከጣቢያው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ችግሩ ርቀት ስለነበር መሣሪያ መቀየር ዋጋ አልነበረውም። በፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ግን ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ገና ግማሹ ይተርፋል። ለገጠር ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሩቅ መሆናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኃጢአት መሆኑ ቀረ።

ፋይበር በመንደራችን በኩል ያለፈው ግን ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ዋናውን መንገድ ተከትለው ቆፍረው፣ ብርቱካንማ ቱቦ ቀብረው፣ ደፍነው ሄዱ። ሁላችንም "ደጃችን ደረሰ" ብለን ተደሰትን። ዛሬ ነገ ስንል ዓመት ሞላ። ዋና መስመር ማለት መንደር ለመንደር የማይቆም አውቶቡስ እንደሆነ ያወቅነው ቆይተን ነው። በደጅህ ስላለፈ ብቻ አትሳፈርበትም። አንዲት የፋይበር ክር ለ32 ቤት፣ አንዳንድ ቦታም ለ64 ቤት የምትከፋፈልበት ስፕሊተር የሚባል ነገር አለ፤ እሱ የተቀመጠበት ሳጥን መንደሩ ውስጥ ካልተተከለ የትም አይደረስም። ስለዚህ "ፋይበር መቼ ይመጣል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ "በቅርቡ" ነው። "የማከፋፈያው ሳጥን የት ይተከላል? ስንት ቤት ይይዛል? ስንቱ ክፍት ነው?" በሉ። እኛ የሚፈልገውን ሰው ስም፣ የቤቱን ቦታና የስልክ ቁጥሩን በአንድ ወረቀት ይዘን ስንሄድ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። ሳጥን ለመትከል የሚወስኑት ስንት ቤት እንደሚገባ ቆጥረው ነውና፣ እኛው ቆጥረን መሄዳችን ሥራቸውን አቀለለላቸው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የገጠመን እንቅፋት ቴክኒክ አልነበረም። ቦዩ የግድ በአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ማሳ ማለፍ ነበረበት፤ እሳቸው ደግሞ አይሆንም አሉ። ቆፋሪዎቹ ተመልሰው ሄዱ። በመንደሩ ወሬ ሽማግሌው "ልማት የሚጠሉ" ሆኑ። አንድ ቀን ማታ እኔና ሌላ ጎረቤቴ ቤታቸው ሄድን።

"አባባ፣ ምን አስቀየመዎት?" አልኳቸው።

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ። "ጠዋት ስነሳ ማሳዬ ላይ ቀይ ቀለም ተረጭቷል። ማነህ ስለው 'ነገ እንቆፍራለን' አለኝ። እንቆፍር ወይ አላለኝም።"

ቀጥለው የጠየቁት ጥያቄ ሁላችንም ልንጠይቀው የሚገባ ነበር። "ስንት ይጠልቃል? እኔ ስቆፍር ብቆርጠውስ ማን ሊከፍል ነው?" ማናችንም አናውቅም። በማግስቱ የሥራውን ኃላፊ ይዘን ተመለስን። ቦዩ ከማሳው መሀል ወደ አጥሩ ጥግ ተዛወረ፤ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን፣ ከኬብሉ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ እንዲነጠፍ ተስማሙ፤ በወረቀትም ሰፈረ። ሽማግሌው ፈረሙ። አሥር ቀን የተጓተተው ሥራ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ።

ቦዩ ሳይደፈን ስልኬን ይዤ ከጫፍ ጫፍ ፎቶ አነሳሁት። ሜትር ዘርግቼ ከእያንዳንዱ የአጥር ቋሚ ስንት እንደሚርቅ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ያን ቀን የሳቁብኝ ነበሩ። እናንተም አድርጉት፤ አፈር ከተመለሰ በኋላ ኬብሉ የት እንዳለ በትክክል የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ የቀበሩትም ሰዎች ቢሆኑ።

የመግጠሚያው ቀን የመጣው ልጅ ሃያ አምስት የማይሞላው ነው፤ እጁ ግን እንደ ቀዶ ጠጋኝ። ከውጭ የመጣውን ኬብል ላጠና ከውስጡ የመስታወቷን ክር አወጣ። ፀጉር ናት። ስፋቷ ከነሽፋኗ 125 ማይክሮን፣ ብርሃኑ የሚሄድባት መሀሏ ደግሞ 9 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑ ነው። በአልኮል ጠረጋት፣ በትንሽ መቁረጫ ቀጥ አድርጎ ቆረጣት፣ ከሌላኛዋ ክር ጋር ፊት ለፊት መሣሪያው ውስጥ አስቀመጣቸው። በመሣሪያው ስክሪን ላይ ሁለቱ ክሮች እንደ ሁለት ግንድ ተልቀው ታዩ፤ ራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ተስተካከሉ፤ ብልጭ አለና አንድ ሆኑ። ስክሪኑ 0.02 ዴሲቤል ጻፈ፤ መጋጠሚያው ላይ የጠፋው ብርሃን ያ ነው፤ ከምንም አይቆጠርም።

ልጁ የተቆረጠችውን ስባሪ በጣቱ አልነካትም፤ በፕላስተር ለጠፋትና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "እግር ውስጥ ከገባች አትታይም፣ አትወጣም" አለኝ። ቤት ውስጥ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ያለው ሰው ይህን ይያዝ፤ ቴክኒሻኑ ሲጨርስ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የኬብሉን ጫፍ ደግሞ "ብርሃን አለው ወይ" ብላችሁ በዓይናችሁ አትመልከቱ። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ የዓይንን ውስጥ ግን ሊጎዳ ይችላል።

ከዚያ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚለውጠውን የቤት ሳጥን ይዞ ጠየቀኝ፤ "ሳጥኑን የት ላድርግልዎት?"

"የትም ይሁን፣ ብቻ ይሥራልን" አልኩት። ሁለት ወር ያስከፈለኝ አረፍተ ነገር ይህ ነው።

ልጁ ምን ያድርግ፣ ለእሱ ቅርብ የሆነውን ቦታ መረጠ። የድሮው የስልክ ሽቦ በሚገባበት በመግቢያው በር ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር ሰካው፤ ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ራውተርም አጠገቡ አስቀመጠ። ቤታችን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት ነው፤ እኔ የምሠራው ደግሞ በስተኋላ ባለው ክፍል። የገዛነው 200 ሜጋ ቢት ነው። ከሳጥኑ አጠገብ ቆሜ በስልኬ ስለካ በጣም ፈጣን ነው፤ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ስቀመጥ ግን 14 ሜጋ ቢት። ስልክ ደወልኩ። "ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት" አሉኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ 14። እንደገና ደወልኩ። ተቆጣሁ። አንድ ጊዜማ የማይባል ነገር ተናግሬ ዘጋሁት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከብዙ ንጭንጭ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ "በኬብል ለክተኸዋል?" አልለካሁም። ላፕቶፑን በላን ኬብል ከሳጥኑ ጋር አገናኘሁና ለካሁ፤ 94። ደገምኩ፤ 94። ሌሊት ለካሁ፤ አሁንም 94። "አየህ፣ ግማሹን ነው የሚሰጡኝ!" ብዬ ደወልኩለት።

እሱ ሳቀ። "94 ከሆነማ የኬብልህ ጥፋት ነው" አለኝ። እንዴት በስልክ አወቀ? ላን ኬብል ውስጥ ስምንት ሽቦዎች በአራት ጥንድ አሉ። አራቱም ጥንድ ደህና ከሆኑ በሰከንድ እስከ 1000 ሜጋ ቢት ያሳልፋሉ። አንዷ ሽቦ ከተበጠሰች ሁለቱ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ በሁለት ጥንድ ብቻ ለመነጋገር ይስማሙና ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ከዚያ ላይ ለራሱ ለአሠራሩ የሚሄደው ሲቀነስ የሚተርፈው 94 ገደማ ነው። የኢንተርኔት ችግር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁልጊዜ 94 ላይ የሚቆም ቁጥር ግን ከሽቦ ወይም ከአሮጌ መሣሪያ ነው። ከመሳቢያ ያወጣሁት ኬብል ከመዳብ ሞደሙ ጋር የመጣ አሮጌ ነበር፤ ጭንቅላቱም በአንድ በኩል ተሰብሯል። በአዲስ ቀየርኩት፤ 192 አነበበ። እነዚያ ሰዎች የሸጡልኝን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየሰጡኝ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የቀረው ዋይፋዩ ነው። ዋይፋይ የሚሠራባቸው ሁለት የተለመዱ ሞገዶች አሉ፤ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ግድግዳ ይሻገራል ግን ቀርፋፋ ነው፤ 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ነው ግን እንደኛ ቤት ያለ የድንጋይ ግድግዳ ይገታዋል። መጀመሪያ የገዛሁት ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋይፋይ አቀባባይ ነው። ምልክቱን በየክፍሉ ሙሉ አድርጎ ያሳያል፤ ፍጥነቱ ግን ከ14 ወደ 30 ብቻ ነው የወጣው። ምክንያቱም እሱ ራሱ የሚቀበለው በደከመ አየር ነው፤ የተቀበለውንም በዚያው አየር ነው መልሶ የሚያስተላልፈው። ገንዘቤን ጣልኩት ማለት ይቻላል። የሠራው በጣም ተራ ነገር ነው። የፋይበሩን ሳጥን ባለበት ትቼ ራውተሩን ብቻ ወደ ቤቱ መሀል አመጣሁት፤ በሁለቱ መካከል በጣሪያው ሥር 18 ሜትር ላን ኬብል ዘረጋሁ። ላን ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ደግሞ በቀጥታ በሽቦ ገባ። አለቀ። ልጁ "የት ላድርግልዎት?" ሲለኝ ከቤቱ መሀል ቆሜ "እዚህ" ብለው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ሳጥኑ ከመገጠሙ በፊት በቤታችሁ ውስጥ ተዘዋውሩ፤ የት እንደምትቀመጡ፣ የት ሶኬት እንዳለ፣ የትኛው ግድግዳ ወፍራም እንደሆነ እዩ። የፋይበሩን ክር ቴክኒሻኑ ካለ ማስረዘም ቀላል ነው፤ እሱ ከሄደ በኋላ ግን እናንተ ልትነኩት አትችሉም።

አንድ ቀን ደግሞ ኢንተርኔቱ መቆራረጥ ጀመረ። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ይልና ይጠፋል። ስልኩን ለመደወል አንስቼ ሳለ ልጁ በእስክሪብቶ ሳጥኑ ጎን ላይ የጻፈውን አየሁ፤ "−19"። ያኔ ምን እንደሆነ ስጠይቀው "የብርሃኑ ጉልበት ነው፤ አንድ ቀን ይጠቅምዎታል" ብሎኝ ነበር። የሳጥኑን ገጽ በብራውዘር ከፍቼ የአሁኑን ፈለግሁ፤ −29 ይላል። የዚህ ቁጥር ልኬቱ ዲቢኤም ነው፤ 3 በወረደ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ 10 ከወረደ የቀረው አንድ አሥረኛው ነው። ብዙዎቹ የቤት ሳጥኖች ከ−27 ወይም ከ−28 በታች በደንብ ማንበብ ያቅታቸዋል።

ብርሃኑ የት ሄደ ብዬ ኬብሉን በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ከሳጥኑ ኋላ አንድ ቁም ሳጥን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ትናንት እዚያ አልነበረም።

"እማዬ፣ ይሄን ማን አመጣው?"

"እኔ ነኝ፤ ሽቦው ለዓይን ስላስጠላኝ ከለልኩት" አለች።

ቀጭኑ ቢጫ ኬብል በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሀል ተጣጥፎ ተቀምጧል። መስታወቱ አልተሰበረም፤ ግን በጣም ሲታጠፍ ብርሃኑ መታጠፊያው ላይ ወደ ውጭ ያመልጣል። ቁም ሳጥኑን አንድ ክንድ ያህል ሳብኩት፤ ኬብሉን የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ ያህል ሰፊ ክብ አድርጌ ጠቀለልኩት፤ −19.4። ቀዩ መብራት ጠፋ። ያቺ በእስክሪብቶ የተጻፈች ቁጥር ባትኖር ኖሮ ሰው ከከተማ እስኪመጣ ድረስ ስንት ቀን እንደምጠብቅ እንጃ። ቴክኒሻኑን ሳይሄድ አጽፉት።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ ማንም አልነገረንም። የድሮው የስልክ መስመር ኃይሉን የሚያገኘው ከማዞሪያ ጣቢያው በራሱ ሽቦ ነበር፤ 48 ቮልት ይመጣለት ስለነበር መንደሩ ጨለማ ውስጥ ሆኖም ስልኩ ይሠራል። መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ስልኩን ወደ ፋይበሩ ሳጥን ካዛወርን በኋላ መብራት በሄደባት የመጀመሪያ ማታ እናቴ ስልኩን አንስታ "ይኸው ሞተ" አለች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ጤናዋ የሚያሰጋ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን እንደ ተራ ነገር አትለፉት። እኛ ለሳጥኑና ለራውተሩ የሚሆን ትንሽ ባለ ባትሪ መጠባበቂያ ገዛን፤ ሦስት ሰዓት ያህል ይይዛል። ስትገዙ ከመሣሪያችሁ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አይታችሁ ግዙ። የእኛ ሁለቱም 12 ቮልት ነበሩ፤ ባለ 9 ቮልትም አለ፤ ማቀያየር መሣሪያ ሊያቃጥል ይችላል። የተሞላ ሞባይል ደግሞ ሁልጊዜ ከእናቴ አጠገብ ይቀመጣል።

ሌሎቹን በአጭሩ። የተሸጠላችሁ 200 የሚለው ሜጋ ቢት ነው፤ ኮምፒዩተራችሁ ሲያወርድ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ሜጋ ባይት ስለሆነ ለ8 ታካፍላላችሁ፤ 25 ካያችሁ አልተጭበረበራችሁም። የከብቶቹን በረት ከሩቅ ለማየት ካሜራ የገጠመ ጎረቤቴ ከውጭ ሆኖ ሊከፍተው አቃተው፤ ራውተሩ የተሰጠው የኢንተርኔት አድራሻ በ100.64 ይጀምር ነበር፤ ያ ብዙ ቤቶች አንድ የውጭ አድራሻ እንደሚጋሩ ያሳያል፤ ለብቻው የሆነ አድራሻ ጠይቆ ተፈታለት። "32 ቤት ከተካፈለውማ ማታ ይሞታል" የሚለው ስጋት እኛ ጋ አልደረሰም። የእኛ ዓይነቱ መስመር በአጠቃላይ ወደ 2500 ሜጋ ቢት ያወርዳል፤ ሁሉም ሰው በአንዴ ሙሉውን አይስብም።

የሚቆጨኝ ጫፍ ላይ ያሉት ስድስት ቤቶች ናቸው። ስም ስንመዘግብ "አያስፈልገንም" ብለው ነበር፤ የእኛን ካዩ በኋላ ሲጠይቁ የማከፋፈያው ሳጥን ሞልቷል። ያኔ ደጋግመን ብናስረዳቸው ጥሩ ነበር፤ እኛ ግን የራሳችን መግባት አሳስቦን ፈጠንን። አሁን አዲስ ዝርዝር ይዘን ለሁለተኛ ሳጥን እያመለከትን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው ጎረቤታችን ደጃችን ድረስ መጡ። የአጥራቸው ቋሚዎች በስብሰዋል፤ አዲስ ሊተክሉ ነው።

"ያቺን ፎቶህን አምጣት" አሉኝ።

ስልኬን ይዤ አብሬያቸው ወረድኩ። ከሦስተኛው ቋሚ 1 ሜትር ከ40፣ ከአራተኛው 1 ሜትር ከ25 ይላል። እሳቸው በአካፋው እጀታ መሬቱ ላይ መስመር ጫሩ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆጠሩ፣ እዚያ መቆፈር ጀመሩ።